የትልቁን ጌም ስም የያዘ ቀለል ያለ የሞባይል ጌም፦ ተጫዋቹ ሌላ ነገር እንዳይጠብቅ እንዴት እናስተዋውቀው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ለኮምፒውተር የሠራነው የከተማ ግንባታ ጌም አለ፤ ንግድ፣ ግብር እና ጦርነት ያለበት፣ ለመጨረስ 20 ሰዓት የሚፈጅ። አሁን በዚያው ዓለም ላይ ለስልክ ቀለል ያለ ጌም አዘጋጅተናል። ጦርነትም ንግድም የለውም፤ አንድ ዙር 3 ደቂቃ ነው። ትሬይለሩ (የማስተዋወቂያ ቪዲዮው) በትልቁ ጌም ሙዚቃ ይጀምርና «ታሪኩ ይቀጥላል» ይላል። ለሙከራ የሰጠናቸው ሁሉ «ጦርነቱ የት አለ?» እያሉ ይጠይቁናል። ጌሙ ላይ እንጨምር ወይስ ማስታወቂያውን እንቀይር?

ፒክስል፦
ጌሙን አትንኩት። «ታሪኩ ይቀጥላል» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አውጡት። ይህን ያነበበ ሰው የሚጠብቀው ክፍል ሁለትን ነው፤ የ3 ደቂቃ ጌም ሲያገኝ የተቀነሰበት ይመስለዋል። ተጫዋች ቀላል ጌም አይጠላም፤ የሚያስቆጣው ሲጠብቀው በኖረው ጌም ምትክ ቀላል ነገር ሲሰጠው ነው።

የታዋቂው የኮምፒውተር ጌም የዲያብሎ የሞባይል ዓይነት የሆነውን ዲያብሎ ኢሞርታልን ተመልከቱ። ሠሪው ኩባንያ ብሊዛርድ በኖቬምበር 2018 ያስተዋወቀው በራሱ በዓል በብሊዝኮን፣ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የመጨረሻ ማስታወቂያ አድርጎ ነበር። አዳራሹን የሞሉት ትኬት ገዝተው የመጡ፣ ለዓመታት አዲስ የኮምፒውተር ዲያብሎ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ኩባንያው ያሉትን ሥራዎች ሁሉ በዚያ መድረክ እንደማያሳይ አስቀድሞ ጽፎ ነበር፤ ሆኖም የመጨረሻው ቦታ ራሱ «ትልቁ ይኸው» የሚል ቃል ነው። አዘጋጆቹ ለኮምፒውተር ይወጣ እንደሆነ ተጠይቀው ለጊዜው ዕቅድ እንደሌላቸው ሲናገሩ አዳራሹ በተቃውሞ ጮኸ። በጁን 2022 ሲወጣ ኮምፒውተር ላይም ነበረ።

የአራት ኪሎዋ፦
ተቃራኒውን ልጨምር። ቀለል ያለው የሞባይል ጌም ፎልአውት ሼልተር በጁን 2015 የቀረበው ትልቁ ጌም ፎልአውት 4 በታየበት በዚያው መድረክ ነው፤ ለአይፎንም በዚያው ምሽት ወጣ። ትልቁ ጌም ኖቬምበር 10 እንደሚወጣ ተነግሯል፤ ስለዚህ ሼልተርን የትልቁ ምትክ አድርጎ የወሰደው ሰው አልነበረም። ፖኬሞንም እንዲሁ፤ በሜይ 2018 ቀለል ያለው «ሌትስ ጎ» ሲተዋወቅ የዋናው ተከታታይ አዲስ ጌም ከ2019 አጋማሽ በኋላ እንደሚመጣ አብሮ ተነገረ። የዱር ፖኬሞንን ተዋግቶ ማዳከም ቀርቶ ኳስ መወርወር ብቻ መሆኑም በቪዲዮው በግልጽ ይታይ ነበር። ቅር ያለው ሰው ቢኖርም ተታለልኩ ለማለት ምክንያት አላገኘም።

ጠያቂ፦
እኛ ግን ክፍል ሁለት የመሥራት ዕቅድ የለንም። እንዴት እንበል?

የአራት ኪሎዋ፦
ከሌለ ፍንጭም አትስጡ። «ለጊዜው» እና «እስከዚያው» የሚሉትን ቃላት አስወግዱ፤ ተጫዋች ከእነሱ ውስጥ ቀን ቆጥሮ ያወጣል። «የኮምፒውተሩ ጌም እንዳለ ነው፤ ይህ ለብቻው የሚጫወቱት አጭር ጌም ነው» በቂ ነው።

አዲስ_ዙር፦
ወደ ስቶር ገጹ ልምጣ፤ ብዙው ሰው ትሬይለሩን ሳያይ ነው ዳውንሎድ የሚያደርገው።

ስም፦ ፕሌይ ስቶርም አፕ ስቶርም የሚፈቅዱት 30 ፊደል ነው። የትልቁን ስም ብቻ አትጻፉ፤ ቁጥርም አትጨምሩ። «ሰፈር» ወይም «ጓሮ» የመሰለ፣ መጠኑን የሚናገር ቃል ከስሙ ኋላ ይግባ። ሎጎውም ከኮምፒውተሩ ቀለሙ ይለይ።

ስክሪንሹት፦ ፕሌይ ስቶር እስከ 8፣ አፕ ስቶር እስከ 10 ይቀበላል፤ በአፕ ስቶር ፍለጋ ላይ የሚታዩት ግን የመጀመሪያዎቹ እስከ 3 ብቻ ናቸው። እዚያ የተሳለ ጀግና ካስቀመጣችሁ ሰዉ ጦርነት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሥዕል እውነተኛው የጨዋታ ስክሪን ይሁን፤ ጣት የሚነካቸው ቁልፎች ሳይቆረጡ፣ የ3 ደቂቃው ሰዓት እየቆጠረ።

ትሬይለር፦ የአፕ ስቶር ቪዲዮ ከ30 ሰከንድ አይበልጥም፤ ከጌሙ የተቀዳ መሆንም አለበት። በመጀመሪያዎቹ 5 ሰከንዶች አንድ ሙሉ እንቅስቃሴ አሳዩ። የትልቁ ሙዚቃ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል።

«ነፃ» የሚለውን ቃልም ተጠንቀቁ። በ2014 የብሪታንያ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ የደንጅን ኪፐርን የሞባይል ጌም «በነፃ» ያለ የኢሜይል ማስታወቂያ አሳሳች ነው ብሎ ወስኗል፤ ያልከፈለ ሰው በመጠበቅ ብዛት ጌሙ እየተቋረጠበት፣ ማስታወቂያው ይህን ስላልገለጸ ነው። መጠበቂያ ካለ ጻፉት።

ፒክስል፦
አጭር መግለጫው ላይ «የለም» የሚል ዝርዝር መደርደር ያስፈራል፤ እኔ ወደ ረጅሙ ባወርደው እመርጣለሁ።

አዲስ_ዙር፦
ሁሉን ሳይሆን ሰው የሚጠይቃችሁን ብቻ ጻፉ። በፕሌይ ስቶር 80 ፊደል አለ፤ በግዕዝ ፊደል ሰፊ ቦታ ነው፦ «የከተማዋን አንድ ሰፈር በ3 ደቂቃ ገንቡ። ጦርነትና ንግድ የሌለበት፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ።» ይህ 59 ነው።

ከወጣ በኋላ ባለ 1 እና ባለ 2 ኮከብ ሪቪዎችን በሁለት ክፈሉ፦ «ተበላሸ» እና «ይህን አልጠበቅኩም»። ሁለተኛው ከበዛ ኮዱን ትታችሁ የመጀመሪያውን ስክሪንሹት ቀይሩ። ፕሌይ ኮንሶል (ጌም ሠሪዎች የፕሌይ ስቶር ገጻቸውን የሚያስተዳድሩበት ቦታ) ላይ ባለው የስቶር ገጽ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ አወዳድሩ፤ ሥዕሉንና ጽሑፉን አንድ ላይ ከለወጣችሁ የቱ እንደሠራ አታውቁም። የዳውንሎድ ቁጥር ትንሽ ቢቀንስም አትደንግጡ፤ ጦርነት ፈልጎ የሚመጣው ሰው በ2 ደቂቃ ውስጥ አጥፍቶት ነበር የሚሄደው።

ጠያቂ፦
«ታሪኩ ይቀጥላል»ን አውጥተን «አንድ ሰፈር፣ 3 ደቂቃ» ብለናል።

ፒክስል፦
ይሁን። የትሬይለሩን ድንክዬ ሥዕልም አብራችሁ ቀይሩ፤ የድሮው ጦር ሜዳ እዚያ ከቀረ ጽሑፉን የሚያነበው የለም።