የልቀት ቅነሳ መጠን በሕግ ይደንገግ ወይስ ለፖሊሲ ይተው? (ክርክር)

አወያይ፦ በ2015 የተደረሰው የፓሪስ ስምምነት እያንዳንዱ አገር የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ቅነሳ ዕቅዱን በየአምስት ዓመቱ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ያቀረበውን ባያሳካ ግን የሚቀጣው የለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በርካታ አገሮች የየራሳቸውን የአየር ንብረት ሕግ አውጥተዋል። ታዲያ የቅነሳው መጠን በቁጥር ተለይቶ በሕግ ይደንገግ ወይስ መንግሥት እንደየሁኔታው በሚያሻሽለው ፖሊሲ ይመራ? (የምትጠቅሷቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።)

ሚዛን፦ በሕግ መደንገግ አለበት እላለሁ። አንድ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ ከተተከለ ለአሥርት ዓመታት ሲያጨስ ይኖራል፤ እንዲተከል የፈቀደው መንግሥት ግን በአራት ወይም በአምስት ዓመት ለምርጫ ይቀርባል። ብሪታንያ በ2008 ባወጣችው ሕግ ልቀቷን እስከ 2050 ከ1990ው መጠን በ80 በመቶ ለመቀነስ ራሷን አስገደደች፤ በ2019 ደግሞ ግቡን ወደ ተጣራ ዜሮ (የሚለቀቀው ጋዝ ከአየር ከሚወገደው ወደማይበልጥበት ደረጃ) ከፍ አደረገችው። የሕጉ ጉልበት ያለው ግን በሩቁ ግብ ሳይሆን፣ የየአምስት ዓመቱ የካርቦን በጀት (በዚያ ጊዜ ሊለቀቅ የሚፈቀደው ጠቅላላ መጠን) 12 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በፓርላማ እንዲጸድቅ፣ ገለልተኛ ኮሚቴም አፈጻጸሙን በየዓመቱ እንዲመረምርና መንግሥት ለዚያ ሪፖርት መልስ እንዲሰጥ በማዘዙ ነው።

ተመልካች፦ ሚዛን እንደ ጉልበት የቆጠሩትን እኔ እንደ ድክመት አየዋለሁ። የ12 ዓመት ገደብ የሚያጸድቅ ሚኒስትር ዕዳውን የሚያወርሰው ለተተኪው ነውና ቢፈርም ምን ይጎዳዋል? ገደቡ ቀርቦ መቆንጠጥ ሲጀምር የሚሆነውን ለማየት ጀርመንን መመልከት ይበቃል። የ2019 ሕጓ ለትራንስፖርት፣ ለሕንፃ፣ ለእርሻና ለሌሎችም ዘርፎች ለየብቻ ዓመታዊ የልቀት ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፤ ጣሪያውን ያለፈ ዘርፍ ሚኒስቴርም በሦስት ወር ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ ዕቅድ ማቅረብ ነበረበት። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2022 ያቀረበውን ዕቅድ፣ እንዲህ ያሉ ዕቅዶችን የሚገመግመው የባለሙያዎች ምክር ቤት ከመነሻው በቂ አይደለም በማለት በዝርዝር ሊመረምረው እንኳ አልፈለገም። በ2024 ሚኒስትሩ ሕጉ ካልተሻሻለ ቅዳሜና እሁድ መኪና መንዳት እስከ መከልከል ሊደረስ እንደሚችል አስጠነቀቁ፤ በዚያው ዓመት ሕጉ ተሻሽሎ የዘርፎቹ ጣሪያ አስገዳጅነቱ ቀረና ጠቅላላ ድምሩ ብቻ የሚታይ ሆነ። ፓርላማ ያሰረውን ፓርላማ ይፈታዋል።

ሚዛን፦ መፈታቱን አልክድም፤ ነገር ግን የተፈታው በአደባባይ፣ በክርክርና በድምፅ ነው፤ ፖሊሲ ቢሆን ኖሮ በአንድ ደብዳቤ ያልቅ ነበር። ደግሞም እዚያው ጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2021፣ ሕጉ ከ2030 በኋላ ያለውን ቅነሳ በበቂ ሁኔታ ሳይደነግግ ከባዱን ሸክም ወደ መጪው ጊዜ በማሻገሩ የከሳሾቹን ወጣቶች ነፃነት ይጋፋል ብሎ በመወሰኑ፣ በወራት ውስጥ የ2030 ግብ ከ55 ወደ 65 በመቶ ከፍ ብሏል። በብሪታንያ የሆነውን ደግሞ ልብ ይበሉ። የተጣራ ዜሮ ስትራቴጂው በቁጥር ያሰላቸው እርምጃዎች ለስድስተኛው የካርቦን በጀት ከሚያስፈልገው ቅነሳ 95 በመቶውን ብቻ ይሸፍኑ ነበር፤ ይህ ለፓርላማ አልተገለጸም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2022 ስትራቴጂውን ሕግን ያልተከተለ ነው ያለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በሕግ የሚጠየቅበት ባይኖር ኖሮ የጎደለችውን 5 በመቶ ማን ይፈልጋት ነበር?

ወንዝ ዳር፦ ሁለታችሁም እስካሁን የተከራከራችሁት ስለ ጭስ ብቻ ነው። ልቀት በቶን ይቆጠራል፤ ጎርፍ የሚችል ድልድይና ድርቅ የሚቋቋም ዘር ግን በአንድ መለኪያ አይመዘኑም። ስለዚህ ሕግ አርቃቂዎች ለቅነሳ «ማሳካት አለበት» ሲሉ፣ የአየር ንብረት ለውጡን ለመላመድ ግን «ዕቅድ ማዘጋጀት አለበት» ብለው ያልፋሉ። የብሪታንያው ሕግ በየአምስት ዓመቱ የስጋት ግምገማና የመላመድ ፕሮግራም እንዲዘጋጅ ያዛል። ባሕሩ ዳርቻውን እየሸረሸረው ቤታቸው የፈረሰባቸው አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ሆነው ፕሮግራሙ በቂ አይደለም ብለው ቢከሱም፣ ፍርድ ቤቱ በ2024 ሕጉ ያን ያህል ዝርዝር ግብ አያስገድድም በማለት ክሱን ውድቅ አድርጎታል። እኔ በዳኞቹ አልፈርድም፤ የጎደለው ከድንጋጌው ነው።

ተመልካች፦ ይህ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። መላመድ እንደየቦታው የሚለያይ ከሆነ ከማዕከል የሚወጣ ሕግ ምን ይፈይዳል?

ወንዝ ዳር፦ ቦታውን የሚያውቀውን አካል ግዴታ ውስጥ በማስገባት ይፈይዳል። የኬንያ የ2016 ሕግ የካውንቲ አስተዳደሮች የአየር ንብረት ለውጥን በልማት ዕቅዳቸው እንዲያካትቱ ያስገድዳል፤ የደቡብ አፍሪካው የ2024 ሕግም ማዘጋጃ ቤቶች የየአካባቢያቸውን ፍላጎት ገምግመው የምላሽ ዕቅድ እንዲያወጡ ይደነግጋል። ጀርመን ራሷ በ2024 ሥራ ላይ ያዋለችው የመላመድ ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የሚለኩ ግቦች እንዲያስቀምጥ ያዛል፤ ስለዚህ መላመድ አይለካም የሚለው ሰበብ ብዙ አያስኬድም። እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ ነው። አንድ ማዘጋጃ ቤት የፍሳሽ መውረጃ ቦዩን እንዲያሰፋ ሕግ አዞት በጀት ካልተመደበለት፣ የሚያዘጋጀው ዕቅድ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ሲረቀቅ የሥራውን ባለቤትና የጊዜ ገደቡን ብቻ ሳይሆን፣ ወጪው ከየትኛው ቋት እንደሚሸፈን በዚያው አንቀጽ እንዲጠቅስ እጠይቃለሁ። ይህን የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ያቅርብ።