ገቢው ያደገ ሰው ከቀበሌ ቤት ይውጣ ወይስ ይኑር? (የሐዋሳ ሰፈርተኞች ክርክር)

የታቦር ልጅ፦
ወገን፣ ስድብ ይቅርና አንድ ነገር እንከራከር። መሃል ከተማ የማውቀው የቀበሌ ቤት አለ። ደጁ ላይ ፒክ አፕ ይቆማል። ሰውየው ሱቅ አለው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ጂ ፕላስ ሁለት እያስገነባ ነው። የወር ኪራዩ ግን የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። እዚያው መንደር ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ አራት ሴት ልጆች አንዲት ክፍል ተጋርተው፣ አንዷ ከፈረቃ ስትመለስ ሌላዋ ከፍራሹ እየተነሳች ይኖራሉ። ቤቱ የድሃ ነው ወይስ ቀድሞ የገባ ሰው ርስት? እኔ ገቢው ያደገ ይውጣ ባይ ነኝ።

ሐይቅ ዳር፦
ይውጣ! ይሄ ደግሞ ምን ክርክር ያስፈልገዋል።

መምህሩ፦
ቀስ በሉ እንጂ። “የድሃ ቤት” ያለው ማን ነው? ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደርግ ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የዛሬው የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የዚያኛው ወራሽ ነው። ቤቶቹ የተከፈሉት በኪራያቸው እንጂ በተከራዩ ኪስ አይደለም። የተለወጠው አከራዩ ነው፤ ብዙው ተከራይ እዚያው በነበረበት ቀረ።

ሐይቅ ዳር፦
እሺ፣ ያ ሃምሳ ዓመት አለፈው። አሁንም በ1967 ኪራይ እንኑር ነው የምትለው?

መምህሩ፦
አላልኩም። ከየት እንደመጣ ሳናውቅ አንፍረድ ነው ያልኩት።

ነርሷ፦
እኔ በቀበሌ ቤት ነው ያደግኩት፤ አሁንም ከእናቴ ጋር እዚያው ነኝ። እስቲ “ገቢው ያደገ” ስትሉ የማንን ገቢ ነው የምታዩት? የእኔ ደመወዝ ፔሮል ላይ ተጽፏል፤ ግብሩ ሳላየው ይቆረጣል፣ ጡረታውም እንዲሁ። ባለ ፒክ አፑ የዕለት ሽያጩን የሚናገረው ራሱ ነው። ነገ “ከዚህ ብር በላይ የሚያገኝ ይልቀቅ” የሚል መመሪያ ቢወጣ መጀመሪያ ደብዳቤ የሚደርሰው ለእኔ ነው፤ ለእሱ አይደለም።

ደግሞ ቤቱን ያየ አለ? ግድግዳው ጭቃ ነው። በአንድ በኩል ምርጉ ረግፎ ማገሩ ይታያል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ጭድ ገዝተን፣ ጭቃ አስቦክተን የምናስመርገው እኛ ነን። ቆርቆሮውን የቀየርነው በእናቴ እቁብ ነው። ሽንት ቤቱ ለስድስት አባወራ አንድ ነው፤ ሲሞላ አዋጥተን እናስመጥጣለን። አከራይ የሚባለው አካል አንዲት ሚስማር መትቶልን አያውቅም። ኪራዩ ርካሽ ነው፣ አልካድኩም፤ ግን ሃምሳ ዓመት ቤቱን ያቆመው ተከራዩ ነው።

የታቦር ልጅ፦
እህቴ፣ አንቺን ማን ነካሽ? እኔ የማወራው ስለ ባለ ፒክ አፑ ነው።

ነርሷ፦
ችግሩ እሱ ነዋ! መመሪያ ሲወጣ አንተ ያሰብከውን ሰው ለይቶ አይነካም።

የአረብ ሰፈር ልጅ (ከለንደን)፦
ይህን ክርክር እዚህም አይቼዋለሁ። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ፣ በመንግሥት ቤት የሚኖር ቤተሰብ ገቢው በዓመት ከ31,000 ፓውንድ፣ ለንደን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከ40,000 ካለፈ ወደ ገበያው የተጠጋ ኪራይ ይክፈል ተብሎ ታቅዶ ነበር። ውጣ አላሉም፤ ጨምር ነው ያሉት። ግን የባልና የሚስት ገቢ ሲደመር ተራ ሠራተኞችም ገደቡን አለፉ። የእያንዳንዱን ቤት ገቢ በየጊዜው ማጣራቱም ራስ ምታት ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ መንግሥት ግዴታነቱን ሰርዞ ለየአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ተወው። ቪየናን ብታዩ ደግሞ ገቢ የሚጠየቀው ሲገቡ ብቻ ነው፤ ከገቡ በኋላ ቢያገኙም ማንም አይነካቸውም። ሆን ብለው ነው፤ ሀብታምና ድሃ በአንድ ደረጃ እንዲወጣና እንዲወርድ።

ባጃጁ፦
ወንድሜ፣ ቪየና ትቆየን። እኔ አቶቴ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። አዋጅ 1320/2016 ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ብቻ ይላል። አከራዬ ግን አዋጁን በቃሉ ይቀይረዋል፦ “ጨምር፣ ካልሆነ ልጄ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ልቀቅ።” ልጅየው መጥቶ አያውቅም። እና እኔ የማጠራቅማትን ሁሉ ለቤት እየከፈልኩ፣ ከእኔ እጥፍ የሚያገኝ ሰው በሳንቲም ሲኖር ዝም ልበል? አይውጣ፣ ይክፈል። በቃ።

መምህሩ፦
ይክፈል ካላችሁ እኔም አለሁበት፤ ግን የሚጨመረው ብር ቤቱን ይጠግን። ኪራይ ከፍ ብሎ ጣሪያው ማፍሰሱን ከቀጠለ ሌላ ግብር ነው የሚሆነው።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ልጆቼ፣ ሁላችሁም ኪስ ኪስ ታያላችሁ። እኔ የእድር መዝገብ ስይዝ ኖሬያለሁና ማን የት እንደሚያድር አውቃለሁ። በመዝገብ ላይ ተከራይ የተባለው ሰው ከወጣ አሥር ዓመት የሞላው ቤት አለ። አንዱ አሜሪካ ነው። አንዱ የራሱን ቤት ሠርቶ ገብቷል። የቀበሌውን ቤት ለሦስተኛ ወገን አከራይተው፣ ለመንግሥት በአሥር የሚቆጠር ብር ከፍለው በሺህ ይቀበላሉ። ደመወዝ ከማጣራት በፊት ይህ ይጣራ። ፔሮል አይጠይቅም፤ ማታ በር ማንኳኳት ይበቃል። የታቦሩ ልጅ፣ እነዚያን አራት ልጆች ማን እንዳከራያቸው ጠይቀሃል?

የታቦር ልጅ፦
ጋሼ፣ ጥያቄዎን አይቼ አሁን ደውዬ ጠየቅኳት፣ አንዷን አውቃታለሁ። ክፍሏ ሰርቪስ ናት፤ በቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ተለጥፋ የተሠራች። አከራያቸው ባለ ፒክ አፑ ራሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦
😂 ወይ ጉድ!

የታቦር ልጅ፦
ምን ያስቃል? ይሄ እኮ የእኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ዛሬውኑ ይውጣ።

ነርሷ፦
የአንተን አያጠናክርም። የሚወጣው ለሦስተኛ ወገን ስላከራየ ነው፣ ሀብታም ስለሆነ አይደለም። ሱቅ ባይኖረውም ያው ጥፋት ነው። ቅጣቱን በጥፋቱ ከሰጠኸው እኔን አትነካኝም፣ እሱም አያመልጥም።

ባጃጁ፦
ነርሷ ልክ ናት። ግን ሰርቪሷ ያለ ፈቃድ የተሠራች ከሆነች እሱን ሲያስወጡት እሷንም ያፈርሷታል። ልጆቹስ?

መምህሩ፦
አይፍረስ፤ ውሉ በልጆቹ ስም ይዙር። ኪራዩን ቀጥታ ለመንግሥት ይክፈሉ፤ ከሚከፍሉት ግማሹም ቢሆን ከሰውየው ኪራይ ብዙ እጥፍ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ፦
በሐሳብ ደረጃ ጥሩ ነው። ግን ውል ለመዋዋል የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃሉ። ልጆቹ ከገጠር ነው የመጡት፤ መታወቂያ ለማውጣት አከራያቸው “እኔ ቤት ይኖራሉ” ብሎ መፈረም አለበት።

ሐይቅ ዳር፦
እና ይፈርማላ?

የእድሩ ጸሐፊ፦
ከፈረመ ቤቱን ማከራየቱን በገዛ እጁ አመነ ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ “ነገ” እያላቸው ያለው ለዚህ ነው።