ክርክር፦ ለጨቅላ ሕፃን የሚሆን ዱቄት ወተት ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጥ?

አወያይ፦ የቀረበው ሐሳብ «ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የሚሰጥ ዱቄት ወተት በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይሸጥ» የሚል ነው። መድረኩ ክፍት ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ሐሳቡን እደግፋለሁ። ብዙ እናቶች ወደ ጡጦ የሚሄዱት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሕፃኑ ከልደት ክብደቱ ቀንሶ ሲያዩት ደንግጠው ነው። 3 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ በሦስተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ800 ግራም ቢመዝን የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ጤነኛ ሕፃናት በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀነሱትን ይመልሱና ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራሉ። ይህን የሚነግራት ያጣች አራስ «ወተቴ አልበቃውም» ብላ ጣሳ ታስገዛለች። ሕፃኑ ጡጦ ጠጥቶ ሲተኛ ጡት የሚጠባበት ጊዜ ያጥራል፤ ጡቱ ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ የእውነት ያንሳል።

የባንክ ሠራተኛ፣ የአንድ ልጅ እናት፦ እቃወማለሁ። ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቡ እንባላለን፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከወሊድ በኋላ የሚሰጠን የ90 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ነው። እኔ በምሠራበት ቅርንጫፍ ወተት ለማለብ በር የሚዘጋበት ክፍል መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው። በዚህ ላይ ማዘዣ ለማግኘት የካርድ ክፍያና ወረፋ ሲጨመር፣ አቅም የሌላት እናት የላም ወተት በውሃ አቅጥና ትሰጣለች፤ ይህ ከዱቄቱ የባሰ አይደለም ወይ?

የፋርማሲ ባለሙያ፦ ማዘዣ የግድ የሚያስፈልጋቸው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች እንኳ ያለ ማዘዣ ሲሸጡ እያየን፣ ሱፐርማርኬት የሚደረደረውን ወተት በማዘዣ እንቆጣጠራለን ማለት ራስን ማታለል ይመስለኛል። ከመደርደሪያው ወዲህ ሆኜ የማየው ችግር ሌላ ነው። ገዢዋ አብዛኛውን ጊዜ አያት ናት፤ የምትጠይቀኝም «የቱ ያወፍራል?» ብላ ነው፤ ስንት ማንኪያ ለስንት ውሃ እንደሚገባ የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። ዱቄት ወተት ብቻ ለሚመገብ ሕፃን 400 ግራም ጣሳ ሳምንት አይሞላም። ዋጋው የከበደው ቤተሰብ ያንኑ ጣሳ በማቅጠን ሁለት ሳምንት ያደርሰዋል፤ የልጁ ሆድ በውሃ ይሞላል፣ ሚዛኑ ግን አይንቀሳቀስም። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የጡት ወተት ተተኪዎች ግብይት ደንብም ማስታወቂያውንና ነፃ ናሙናውን እንጂ ሽያጩን አልከለከለም። ስለዚህ ማስታወቂያው ይከልከል፣ የአዘገጃጀት መመሪያውም ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ እላለሁ።

አዋላጅ ነርስ፦ የባንክ ሠራተኛዋ ስለ ወሊድ ፈቃዱ ያነሱት እውነት ነው፤ እሱ ግን የሦስተኛው ወር ጥያቄ ነው፣ እኔ የማወራው ስለ መጀመሪያው ሳምንት ነው። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባና ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ጊዜ ሽንት ጨርቅ የሚያርስ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ወተት እየበቃው ነው። ከልደት ክብደቱ ከመቶ ከአሥር በላይ ያጣ ወይም ለመጥባት እንኳ አልነቃ ያለ ሕፃን ግን ቦታው ጤና ተቋም እንጂ ሱቅ አይደለም፤ እዚያም ተጨማሪ ወተት ያስፈልገዋል ከተባለ ያለ ማመንታት ይሰጠው። ማዘዣው ቢቀር እንኳ ማንኛዋም አራስ በመጀመሪያው ሳምንት ልጇን ታስመዝን።

የባንክ ሠራተኛዋ፦ በዚህ እስማማለሁ። ይሁንና አራስ ከቤት በማትወጣበት አገር ሚዛኑን ይዞ ቤቷ የሚመጣው ማን ነው? ለገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች እንበል፤ ለኮንዶሚኒየሙስ?