ደረጃዬ ላይ የመጨረሻዋ እርከን ከፍ አለችብኝ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖች። የእንጨት ሥራ የምታውቁ እባካችሁ ምክራችሁን ለግሱኝ።

አዲስ አበባ ለሠራነው ጂ ፕላስ ዋን ቤት ከዋንዛ ደረጃ አሠራሁ። 17 እርከን ነው፣ የእያንዳንዱ ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር። ተገጥሞ ሲያልቅ በጣም አምሮ ነበር። ችግሩ የመጣው ላይኛው ፎቅ ሊሾና ሴራሚክ ሲገባ ነው። ወለሉ 4 ሴንቲ ከፍ አለ። አናጢው ሲለካ ይህን አላሰበም፣ እኔም አልነገርኩትም። አሁን የመጨረሻዋ እርከን 21 ሆናለች። እናቴ ጫማዋ ጫፉ ላይ እየያዛት ሁለት ጊዜ ተደናቅፋለች። ባለፈው መደገፊያውን ባትይዝ ኖሮ... ማሰብ አልፈልግም።

አንድ ባለሙያ ሁሉም መርገጫ ላይ የ2 ሴንቲ ጣውላ ደርብበት አለኝ። ሳሰላው ግን የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም 19 ይሆናሉ፣ የመሃሎቹ 17 እንደሆኑ ይቀራሉ። ይሄስ እግር አያስትም ወይ? ወይስ ወጪውን ችዬ ላስፈታውና 4ቱ ሴንቲ ለሁሉም እርከን ይከፋፈል?

ሌላም አለ። እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ የተገጠመ ይመስለኛል። መጋጠሚያው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ወጥቷል፣ ሲረገጥም ሲጥ ሲጥ ይላል። ታች ያሉት መርገጫዎች ላይ ቫርኒሹ አረፋ አውጥቶ እየተላጠ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አንስቼ አሁኑኑ ላስቀባው ወይስ እንጨቱ እስኪደርቅ ልታገስ? ከደረሰባችሁ በምን እንደፈታችሁት ንገሩኝ። እናቴ በየቀኑ ትወጣበታለችና ቶሎ ብትመልሱልኝ ውለታችሁን አልረሳም።