የአስታማሚዎች ጭንቀት ጥናት፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እንቅረጸው

አስተባባሪዋ፦

ሰላም እህቶችና ወንድሞች። በስብሰባው እንደተስማማነው የማኅበራችን የዘንድሮ ጥናት ስለ አስታማሚዎች ነው። ከሕመምተኛው አልጋ ሥር ካርቶን አንጥፋ ስለምታድረው፣ ደም ለማግኘት ዘመድ አዝማድ ጋ ሲደውል ስለሚውለው። ሕመምተኛው ካርድ አለው፤ ሐኪም ይጎበኘዋል። አስታማሚውን ግን «አንተስ እንዴት አደርክ?» የሚለው የለም። ጉዳዩ ልቤን የያዘው ለዚህ ነው።

ለመነሻ የጻፍኩት ርዕስ «ሴትና ወንድ አስታማሚዎች ጭንቀትን እንዴት ይቋቋማሉ?» ይላል። መሠረቱ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ላዛረስና ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ያስቀመጡት አከፋፈል ነው። አንዱ መንገድ ችግሩን ራሱን መጋፈጥ ነው። ሌላው ችግሩ የቀሰቀሰውን ስሜት ማብረድ። መላምቴ፦ ወንዶች ወደ መጀመሪያው፣ ሴቶች ወደ ሁለተኛው ያደላሉ። እስቲ አስተያየት ስጡበት።

ሲስተር (ነርስ፣ የማኅበሩ አባል)፦

መላምቱ አልተዋጠልኝም። ዋርድ ውስጥ የማየውን ልንገራችሁ። ወንድምየው የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ይውላል። እህትየው ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች። ማታ ላይ «እንዴት ቻልከው?» ብትሉት «መድኃኒቱን አገኘሁ» ይላችኋል። እሷን ብትጠይቋት «አለቀስኩ፣ ጸለይኩ» ትላለች። ታዲያ ይሄ የሴትና የወንድ ባሕርይ ነው ወይስ የሥራ ድልድል? ለእሱ የደረሰው ችግር ተሯሩጦ የሚፈታ ነው። ለእሷ የደረሳት የሕመምተኛው ማቃሰት ነው። ማቃሰትን በምን ትጋፈጠዋለች?

አንድ ጊዜ ከገጠር ሚስቱን ይዞ ብቻውን የመጣ ገበሬ ነበር። እናት የለ፣ እህት የለ። በሦስተኛው ቀን አጥሚት በማንኪያ ሲያጠጣት አየሁት። ከዚያ ኮሪደር ላይ ወጥቶ በጋቢው ተሸፍኖ ያለቅሳል። ወንድም የሌላት ልጅ ደግሞ ብቻዋን ደም ለጋሽ አሰባስባ ስትመጣ አይቻለሁ። ሥራው ሲቀየር ሰውም ይቀየራል።

የስታትስቲክስ መምህሩ፦

ሲስተር ያለችው በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ታምረስና ባልደረቦቿ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው መርምረው ነበር። ከአብዛኞቹ የመቋቋሚያ መንገዶች ሴቶች ናቸው ይበልጥ የሚጠቀሙት ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው የሰው ድጋፍ በመፈለግ፣ ነገሩን በማብሰልሰልና ራስን በማጽናናት ላይ ነው። ሴቶቹ የገጠማቸውን ችግርም ከወንዶቹ ይልቅ ከባድ ብለውታል። ስለዚህ «ወንድ ይጋፈጣል፣ ሴት ታለቅሳለች» የሚለውን መላምት ትተን ብንነሳ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ሼሊ ቴይለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳዩት፣ ከ1995 በፊት ሰውነት ለውጥረት የሚሰጠውን ምላሽ በላብራቶሪ ባጠኑ ሥራዎች ውስጥ ሴቶች 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። «ተጋፈጥ ወይም ሽሽ» የሚባለው ምላሽ የሰው ሁሉ ሆኖ የተጻፈው በአብዛኛው በወንድ ላይ ተፈትኖ ነው።

በማስታመም በኩል ደግሞ ተቃራኒውን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1995 ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን ከሌሎች 13 ሴቶች ጋር አነጻጽረዋል። ሁሉም ክንዳቸው ላይ እኩል ትንሽ ቁስል ተደረገላቸው። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ገደማ ተጨማሪ ወሰደበት። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁሌም ክፍሉ ጸጥ ይላል። ድካሙ ቆዳ ላይ ይታያል ማለት ነው። ነገር ግን ወንድ አስታማሚ እዚህ ጥናት ውስጥ የለም።

ሐሳቤ ይኸው ነው። መጀመሪያ ሥራውን እንለካ። ማን ያጎርሳል፣ ማን ያጥባል፣ ማን ገንዘብ ይፈልጋል፣ በቀን ስንት ሰዓት። ጾታን ከዚያ በኋላ እናስገባው።

የሶሻል ወርክ ባለሙያዋ፦

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ መጠይቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 20 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ መልሱ አዎ ወይም አይ ነው፣ ያለፈውን አንድ ወር ይጠይቃል። ቡታጅራ ላይ በእናቶች ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ጥናት የወላዶችን ድብርት ከሚለካው የኤድንብራ መጠይቅ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ እንግዳ አይደለም።

ግን ለአስታማሚ አስቡት። እንቅልፍ እምቢ ይልሻል? ምግብ ፍላጎትሽ ቀንሷል? ቶሎ ይደክምሻል? ሲሚንቶ ላይ የምታድር ሴት ሁሉንም አዎ ነው የምትለው። መልሱን የሰጠው ወለሉ ይሁን ሐዘኑ በምን እንለያለን? ከእያንዳንዱ አዎ በኋላ «ሆስፒታል ከመምጣትሽ በፊትስ?» የሚል እንጨምር።

10ኛው ጥያቄ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ማልቀስን ይጠይቃል። ወንዱ «አይ» ይላል፤ እኛም ደህና ነው ብለን እናልፋለን። ይኸው ሰው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ደረቱን እየመታ ሲያለቅስ ማንም አይነቅፈውም። ማልቀስ አቅቶት አይደለም። ዋርድ ውስጥ፣ ሕመምተኛው በሕይወት እያለ ማልቀስ ሟርት ስለሚመስለው ነው። ሴቷም ሽንት ቤት ገብታ ነው የምታለቅሰው። ከውጭ የመጡት መጠይቆች «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን አያውቁትም። እሱን የሚመለከት የራሳችን ጥያቄ ይኑረን።

ደግሞ የአማርኛው ነገር። ግሱ ራሱ ወንድና ሴት ይለያል። ለአንተ፣ ለአንቺና ለእርስዎ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ቃለ መጠይቅ አድራጊው እያነበበ እንዳይቀይር። የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁንም ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታሎች ከየአቅጣጫው ሰው ይመጣል። ያለ አፋን ኦሮሞ ቅጂ መጀመር የለብንም።

ወጣቱ አባል፦

እኔ እናቴን አራት ወር አስታምሜያለሁ። የተኛችው የሴቶች ክፍል ነበር። ሲመሽ «ወንድ ይውጣ» ይባላል። በር ላይ ተቀምጬ አነጋለሁ። የሠራሁት አይደለም የከበደኝ፤ እንዳልሠራ የተከለከልኩት ነው። ሌሊት ውኃ ፈልጋ ይሆን እያልኩ። እህቴ ስትመጣ በዙሪያዋ ያሉ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን ይከፍቱላታል፣ «አንቺ ጋደም በይ፣ እኛ እናያታለን» ይሏታል። እኔን «አይዞህ፣ ወንድ አይደለህ» ነበር የሚሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም፤ ግን ያን ቃል ስሰማ ለመናገር የከፈትኩት አፍ ይዘጋል።

እባካችሁ አንድ ክፍት ጥያቄ ጨምሩልኝ። «ለሕመምተኛው ማድረግ ፈልገው ያልተፈቀደልዎ ነገር አለ?» የሚል።

አስተባባሪዋ፦

ወንድሜ፣ ይህን ስለነገርከን እናመሰግናለን። ጥያቄው ገብቷል።

ሲስተር፦

እኔ አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። 17ኛው ጥያቄ ሕይወትን ስለማጥፋት ሐሳብ ነው። አንዷ «አዎ» ብትል ምን እናደርጋለን? ወረቀት ላይ ምልክት አድርገን ወደ ቀጣዩ? መረጃ በሚሰበሰብበት ቀን ሁሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እዚያው ግቢ ውስጥ ይኑር። እሱ ካልተገኘ የዚያን ቀን ሥራ ይቅር። በጀቱ ላይ ከትራንስፖርት በፊት ይጻፍ።

የስታትስቲክስ መምህሩ፦

እደግፋለሁ። ከናሙናው 20 ሰው ብንቀንስ እንኳ ይሁን። ግን 22 ጥያቄ ያለውን የዛሪት የአስታማሚ ሸክም መጠይቅም ከጨመርን ሰው ይሰለቻል። ይቅር ባይ ነኝ።

አስተባባሪዋ፦

ዛሪትን ማስገባት አለማስገባቱን በሙከራ ቃለ መጠይቅ አይተን እንወስን። ርዕሱን እንዲህ ቀየርኩት፦ «ማን ምን ይሠራል፣ ማን ምን ይሸከማል፦ የሆስፒታል አስታማሚዎች የሥራ ድልድልና የስሜት ጤና»። የሥራ ሰዓት መመዝገቢያውን ጋሼ ያዘጋጃሉ። ሦስቱን ቅጂ ሶሻል ወርከራችን ትይዛለች። የአፋን ኦሮሞ ተርጓሚ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ። ቃለ መጠይቁን ማታ ላይ ብናደርገው ይሻላል? ጸጥ ይላል ብዬ ነው።

ሲስተር፦

ማታ አይሆንም። ማታ ሕመሙ ይበረታል፤ ማንም አስታማሚ ከአልጋው አጠገብ አይነሳም። በጠያቂ ሰዓት እናድርገው። ያን ጊዜ አልጋው አጠገብ ሌላ ሰው ይኖራል። ጠያቂ የሌለው ሕመምተኛ ካለ፣ አስታማሚው እስኪመለስ ከኛ አንዱ አጠገቡ ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እቀመጣለሁ።