ለአንድ ቤት ሦስት ገዢ መጣ፣ እስከ ማታ መልሱ ተብለናል

ማለዳ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ቤታችንን ለሽያጭ አውጥተን ሦስት ገዢ በአንዴ መጣ። አንደኛው ከጠየቅነው 8 በመቶ ጨምሯል፣ ግን በባንክ ብድር ነው። ሁለተኛዋ የጠየቅነውን ልክ፣ ሙሉውን በካሽ። ሦስተኛው 5 በመቶ ጨምሯል፣ ግን መጀመሪያ የራሱን ቤት መሸጥ አለበት። ደላላው «ትልቁን ያዙ፣ እስከ ማታ ካልመለሳችሁ ይሄዳል» እያለ ስልኬን ሊያነደው ነው። ትልቁን ልቀበል?

ጎረቤት፦
እንኳን ደስ ያለሽ! ሰው ገዢ አጥቶ ይጨነቃል፣ አንቺ ገዢ በዝቶብሽ። ትልቁን ያዢና ተኚ።

ውል አንባቢ፦
ኧረ አትተኚ! እህቴ፣ ገዢው የጠራው ዋጋና እጅሽ የሚገባው ገንዘብ ለየቅል ናቸው። ባንክ ብድሩን ሲያሰላ የሚያየው ገዢው የጠራውን ብቻ አይደለም፤ ገማቹ «ቤቱ ይህን ያወጣል» ያለውንም ነው። ግምቱ ዝቅ ካለ ልዩነቱን ማን ይሞላል? ገዢው ከኪሱ ካልሞላ 8 በመቶው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ይህን ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂው። ባንኩ የጻፈለት ደብዳቤ ካለ ቀኑንና የብድሩን መጠን እዪ። «ላመለክት ነው» ካለ ገና ምንም የለም። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ፦ ዋጋው፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ፣ ቀብዱ፣ ቅድመ ሁኔታው፣ የርክክቡ ቀን። ኮሚሽኑን፣ ግብሩንና ቤቱ ላይ ያለውን ዕዳ ቀንሺና የሚተርፈውን አወዳድሪ።

ብርቱካን፦
ካሽ። ሌላ ምን ያስፈልጋል? ካሽ።

ቆጣሪ፦
ብርቱካን፣ «ካሽ አለኝ» ያለ ሁሉ ካሽ የለውም። የባንክ ሂሳብ መግለጫ ታሳይ። አንዳንዱ ካሽ የሚለው ገና ከዘመድ የሚሰበሰበውን ነው። ደግሞ 8 በመቶ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ዝም ብሎ አይጣልም።

ድርድር፦
አራተኛ ገዢ አለ በያቸው። ሲሽቀዳደሙ ታያለሽ።

ውል አንባቢ፦
ይሄን እንዳታደርጊ! የሌለ ገዢ መፍጠር ማታለል ነው። ሲነቃብሽ ሦስቱም ይሄዳሉ፣ በሕግም ሊያስጠይቅሽ ይችላል። ያለው እውነት ይበቃሻል፤ ሦስት ገዢ እኮ አለሽ።

አልዋጥ አለኝ፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልዋጥ ብሎኛል። «እስከ ማታ» ያለው ማነው? ገዢው በጽሑፍ ቀን ቆርጧል ወይስ ደላላው ከራሱ ነው የሚያወራው? ትልቁን ገዢ ያመጣውስ ማነው? ሻጯ አንቺ ነሽ። ገዢው ራሱ የጻፈው ቀነ ገደብ ከሌለ ሰዓቱን የምትቆርጪው አንቺ ነሽ።

ማለዳ፦
በጽሑፍ የመጣ ነገር የለም። ያመጣውም ደላላው ራሱ ነው። ሌላም ነገር አለ፤ ቤቱ የእኔና የወንድሜ የጋራ ነው። ወንድሜ ትናንት ለካሿ ሴትዮ በስልክ «እሺ፣ ያንቺ ነው» ብሏታል። ችግር አለው?

ጎረቤት፦
ይሄማ ከላይ መጻፍ ነበረበት!

ውል አንባቢ፦
ቀብድ ተቀብሏል? ከተቀበለ ለማንም ሳትመልሱ ጠበቃ አነጋግሩ። ካልተቀበለ ይሻላል። በብዙ አገር የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፣ የጋራ ቤት ደግሞ የሁለታችሁንም ስምምነት ይፈልጋል። ራሱ ይደውልላትና «ገና ሁለታችን አልወሰንንም» ይበላት። ከዚህ በኋላ ከገዢ ጋር አንዳችሁ ብቻ ተነጋገሩ።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ለሦስቱም በየፊናቸው የፈረምሽበት የተለያየ ዋጋ እንዳትልኪ። ሁለቱ ተስማምተው ቢፈርሙስ? አንድ ቤት ለሁለት ሰው ሸጥሽ ማለት ነው። ይልቅ ለሦስቱም አንድ ዓይነት መልእክት ላኪ፦ «ከአንድ በላይ ገዢ አለ። እስከ ነገ 11 ሰዓት የመጨረሻ ዋጋችሁንና ሁኔታችሁን በጽሑፍ ላኩልን። እስክንፈርም ድረስ ውል የለም።» ለአንዱ ለብቻው የዋጋ መልስ ከሰጠሽ ደግሞ የቀድሞ ዋጋውን እንዳልተቀበልሽ ሊቆጠር ይችላል። እምቢ ካለ በፊት ወደ ጠራው ዋጋ መመለስ ያንቺ ፈንታ አይሆንም።

ጡብ፦
ቤት መፈተሽ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ልጨምር። በእሽቅድምድም አብዝቶ የጠራ ገዢ ፍተሻው ሲደርስ «ይህ ተሰብሯል፣ ያ ይፈሳል፣ ቀንሱ» ይላል። በዚያን ጊዜ ሌሎቹ ሄደዋል። ስለዚህ እንከኑን ከአሁኑ ለሦስቱም ንገሯቸው። የእቃ ማጠቢያውን ቁም ሣጥን ክፈቺና ወለሉን በጣትሽ ጫን በዪው። እንጨቱ ከሰረገደ ቱቦው ሲያንጠባጥብ ቆይቶ ይሆናል። ፎቶ አንሥተሽ ከመልእክቱ ጋር ላኪው። እንከኑን አውቀው የሚጠሩት ዋጋ የኋላ ኋላ በቀላሉ አይሸራረፍም።

ብርቱካን፦
አሁንም ካሽ እላለሁ።

ማለዳ፦
ቀብድ አልተቀበለም፣ ተመስገን። ደውሎላታል፤ ቅር ብሏታል ግን ትጠብቃለች። መልእክቱን ለሦስቱም ልከናል። ባለ ብድሩ የላከው የባንክ ደብዳቤ ጊዜው አልፎበታል፣ አዲስ አምጣ ብለነዋል። ደላላው ተቆጥቷል። ቤቱን ገና ያልሸጠውን ሰውዬስ ምን እንበለው? እንሸኘው?

ቆጣሪ፦
አትሸኙት። ተጠባባቂ ሁን በሉት። ከመጀመሪያው ገዢ ጋር ያለው ውል በጽሑፍ ሲፈርስ ብቻ ተራው እንደሚደርሰው ይጻፍ፣ እሱም ይፈርም። እስከዚያ ድረስ ቤቱን ከሸጠ ያሳውቃችሁ።