ኮራልን ፍሪዘር ውስጥ ከትቶ መፈተን ተገቢ ነው ወይ?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር (ደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ 120 ሊትር የሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም አለው። ኮራል ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ዞአንቲድ የሚባለው ለስላሳው ዓይነት ድንጋዩን ሞልቶታል፤ ሞንቲፖራ የሚባል አንድ ትንሽ ድንጋያማ ኮራልም አለ። ተማሪዎቹ ለዐውደ ርዕይ ያመጡት ሐሳብ ከሁለቱም ቁራጭ ወስዶ አንዱን በ4 ዲግሪ፣ ሌላውን በ0፣ ሦስተኛውን ፍሪዘር ውስጥ በ−18 አቆይቶ የትኛው እንደሚተርፍ ማየት ነው። «ሳይንቲስቶችስ ኮራል አቀዝቅዘው ያስቀምጡ የለም ወይ?» ይላሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሕይወት ያለውን ነገር ለዐውደ ርዕይ ብሎ መግደሉ ነው። ተገቢ ካልሆነ ጉጉታቸው ሳይከስም በምን ልተካላቸው?

መልስ፦ ጣርማ በር
መምህር፣ የ−18ቱ ውጤት ሳይሞከርም ይታወቃል፤ ይሞታል። በኪሎ 35 ግራም ጨው ያለው የባሕር ውኃ −1.9 ዲግሪ ገደማ ላይ መርጋት ይጀምራል። የቤት ፍሪዘር የሚያቀዘቅዘው ቀስ እያለ ስለሆነ በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከሕዋሱ ውጭ ነው። በረዶ ጨው አያስገባም፤ ስለዚህ ሳይረጋ የቀረው ውኃ ጨውነቱ እየበረታ ይሄድና ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ይስባል። ሕዋሱ ይሟሽሻል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። ሲቀልጥ ደግሞ የተጎዳው ሽፋን ይፈነዳል። በዚያ ላይ ኮራሉ ብቻውን አይኖርም፤ ሥጋው ውስጥ ያሉት አልጌዎች ናቸው አብዛኛውን ምግቡን የሚያዘጋጁለት። ሁለቱም ካልተረፉ መትረፍ አይባልም።

ተማሪዎቹ የሰሙት እውነት ነው፤ ግን ሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የኮራል እጭ ከቀዘቀዘ በኋላ በሌዘር ሞቆ ዳግም ሲዋኝ ታይቷል። በ2023 ደግሞ የሃዋይ ኮራል ትንንሽ ቁራጮች በታሸገ የብረት ዕቃ ውስጥ ወደ −196 ዲግሪ ወርደው ሕይወታቸው ሳይጠፋ ወጥተዋል። በሁለቱም የተፈለገው በረዶ ጭራሽ እንዳይሠራ ነው፤ ውኃው በመከላከያ ኬሚካል ታግዞ በረዶ ሳይሠራ እንደ መስታወት ይጠጥራል። የቤት ፍሪዘር ያን ፍጥነት አያገኝም፤ መከላከያ ኬሚካሉም መጠኑና ጊዜው ከተሳተ ራሱ መርዝ ነው።

የ4ና የ0 ዲግሪውም ቢሆን አዲስ ነገር አይነግራቸውም። ሪፍ (የባሕር ውስጥ የኮራል ዐለት) የሚሠሩ ኮራሎች የሚስማማቸው ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ፍሎሪዳ ላይ በወረደው ብርድ ጥልቀት በሌለው ውኃ የነበሩ ብዙ ኮራሎች አልቀዋል፤ ውኃው ለበረዶነት እንኳ አልቀረበም ነበር።

መልስ፦ ሞጃ
ለመከራከር ያህል ሳይሆን ከልቤ ልጠይቅ። ኮራል አንጎል የለውም፤ ያለው የተበታተነ የነርቭ መረብ ነው። በግ አርደን እየበላን ለአንድ ጣት ቁራጭ ይህን ያህል መጨነቅ ተገቢ ነው? ዞአንቲድ ደግሞ ሲቆረጥ መልሶ ይበቅላል።

መልስ፦ ጣርማ በር
ሞጃ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ሕመም አይሰማውም ብንል እንኳ ሁለት ነገር ይቀራል። የሚታረደው በግ ይበላል፤ ይህ ቁራጭ ግን የሚሞተው ለታወቀ መልስ ነው። ሁለተኛው የመጣበት ቦታ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በሳይተስ፣ ማለትም ለመጥፋት የሚያሰጉ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ድንበር የሚያቋርጡት በፈቃድ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ሞንቲፖራው ከባሕር የተነቀለ ይሁን በገንዳ የተራባ ሳይታወቅ መቆራረጥ አይገባም። በእንስሳት ላይ ለሚደረግ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቀመጠው መመሪያ እዚህም ይሠራል፦ በሌላ ነገር መተካት ከተቻለ ተካ፤ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፤ የግድ ከሆነ ጉዳቱን አቅልል። እዚህ መተካት ይቻላል። ስለዚህ ወደ ሁለተኛው እንኳ አንደርስም።

መልስ፦ የቀይት አዳቃይ
ነገሩ ከፍሪዘር አልፎ «ፈሳሽ ናይትሮጅን ከከብት አዳቃዮች እንለምን» ወደሚል እንዳይሄድ እፈራለሁ። የኮርማ ዘር በ−196 ዲግሪ የሚቆየው እያንዳንዱ ሕዋስ ብቻውን፣ ደቃቅና ግሊሰሪንና የእንቁላል አስኳል ባለው ፈሳሽ የታቀፈ ስለሆነ ነው። ዘሩ የሚቀመጥባት ቀጭን ቱቦ፣ ስትሮዋ፣ 0.25 ሚሊ ሊትር ብቻ ትይዛለች፤ በ37 ዲግሪ ውኃ በ30 ሰከንድ ትቀልጣለች። እንዲህም ሆኖ ከዘሩ ብዙው ይሞታል፤ የሚበቃን በሚሊዮን ስለሚቆጠር ነው። የኮራል ቁራጭ ግን ወፍራም ሥጋና ድንጋይ ነው፤ መከላከያው መሃሉ ሳይደርስ ዳሩ ይመረዛል። ናይትሮጅኑም ለልጆች አይደለም። 1 ሊትሩ ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ በተዘጋ ክፍል አየሩን ገፍቶ ሳይሸት ሳይታይ ያፍናል።

መልስ፦ ጨው ውኃ
ከሥነ ምግባሩ በፊት መባል የነበረበት ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ዞአንቲዶች፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባለው ወገን፣ ፓሊቶክሲን ይይዛሉ። ከሚታወቁት ብርቱ መርዞች አንዱ ነው። ማቀዝቀዝ አያጠፋውም፤ እንዲያውም የቀለጠው ሥጋ ሲፈርስ ወደ ውኃው ይወጣል። ስለዚህ ተማሪ አይቁረጠው፣ ድንጋዩን በፈላ ውኃ አይጠቡት፣ ማይክሮዌቭ ውስጥ አይክተቱት፤ እንፋሎቱ ከተተነፈሰ ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ገንዳው ውስጥ እጅ የሚገባው በጓንት ነው፤ እጅ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አይገባም። ዓይን ከነካ ለ15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ለሐኪሙም «ፓሊቶክሲን» ብሎ ስሙን መንገር ያስፈልጋል። የነካውን ዕቃ በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውኃ ቢያንስ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ በረኪናውን ከአሲድም ከአሞኒያም ጋር አትቀላቅሉ።

መልስ፦ መንዝ
መተኪያው እጃችሁ ላይ ነው፤ ገብስ። ውርጭ ገብስ እንደሚያጠፋ የማያውቅ ልጅ እዚህ አገር የለም፤ ምክንያቱን ግን አያውቅም። አራት መደብ አድርጉ፣ ለእያንዳንዱ 50 ፍሬ፦ ደረቅ ያልቀዘቀዘ፣ ደረቅ የቀዘቀዘ፣ የተዘፈዘፈ ያልቀዘቀዘ፣ የተዘፈዘፈ የቀዘቀዘ። የሚቀዘቅዙት ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ 24 ሰዓት −18 ላይ ይቆዩ። ከዚያ ሁሉንም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በ7ኛው ቀን የበቀለውን ቁጠሩ። ደረቁ ቅዝቃዜውን ችሎ ይበቅላል፤ የዘር ባንክም የሚሠራው በዚሁ ነው። ውኃ የጠጣው ይሞታል።

የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ዘሩ ውኃ ውስጥ ከ12 ሰዓት በላይ ከቆየ ታፍኖ ሊሞትና ቅዝቃዜ የገደለው ሊመስል ይችላል። ከአውድማ በቅርብ የመጣ ገብስ ገና ስለሚተኛ አይበቅልም፤ ወራት የቆየ ውሰዱ። ከፍሪዘር ሲወጣ ብልቃጡ ክፍሉን እስኪመስል ክዳኑ አይከፈት፤ አለዚያ ጤዛ ደረቁን ያረጥበዋል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ደግሞ በቅለቱን ያዘገየዋልና ጨርቁን ሞቅ ያለ ቦታ አኑሩት።

የሽፋኑን መቀደድ በዓይን ለማየት ቀይ ሥር በቂ ነው። 1 ሳንቲ ሜትር ኩብ ቆርጣችሁ ውኃው እስኪጠራ እጠቡ፤ ካልታጠበ ከቢላው የፈሰሰው ቀለም ያሳስታል። ግማሹን ፍሪጅ፣ ግማሹን ፍሪዘር አሳድሩና እያንዳንዱን 20 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ጨምሩ። በ10 ደቂቃ ከፍሪዘር የወጣው ውኃውን ያቀላዋል። ሦስተኛ መደብ ከፈለጉ ኩቡን ከማቀዝቀዛቸው በፊት ለ1 ሰዓት ከፋርማሲ በሚገኝ ግሊሰሪን፣ 1 እጅ ለ4 እጅ ውኃ፣ ይዘፍዝፉት። ብዙ ላይለይ ይችላል። ግሊሰሪኑ ለምን መሃሉ እንዳልደረሰ ሲጠይቁ፣ አዳቃዩ ስለ ወፍራም ሥጋ ያለው ይገባቸዋል።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገብሱንና ቀይ ሥሩን እንይዛለን። ኮራሉን ሳይነኩ በብርድ ጉዳይ የሚያጠኑት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ጨው ውኃ
አለ፤ መዝገብ ይያዙ። በየ3 ሰዓቱ የገንዳውን ሙቀትና የተከፈቱትን ፖሊፖች (ኮራሉ የተሠራባቸውን ትንንሽ አካላት) ብዛት ይጻፉ። ማንም ሆን ብሎ አያቀዝቅዘውም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ራሱ ይነግራቸዋል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አብሩ። በ2,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ስለዚህ ከሙቀቱ በፊት አየሩን አስቡ። መብራት ሲመጣ በሰዓት ከ1 ዲግሪ በላይ አታሙቁ። በአንድ 200 ዋት ማሞቂያ ፈንታ ሁለት ባለ 100 ዋት ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል፤ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን ገንዳውን አይቀቅለውም።